«ወ/ሮ» ለምን «ወ\/ሮ» ሆነች? ከዳታቤዝ በተነበበ ጽሑፍ ላይ የበቀለን ምልክት እስከ ምንጩ መከታተል

የአንድ ዕድር የአባላት መዝገብ በድረ ገጽ እንዲሠራ አድርጌ ካስረከብኩ ሁለት ወር ሳይሞላ ጸሐፊው ስልክ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ የሴቶቹ ስም ፊት ጭረት በቅሎበታል» አሉኝ። ሄጄ የታተመውን ደረሰኝ አየሁ። «ወ/ሮ» መባል የነበረበት «ወ\/ሮ» ይላል። ወንዶቹ «አቶ» በመሆናቸው አንዳች አልነካቸውም፤ ሁለት «ዶ/ር» ግን ከሴቶቹ ጋር አብረው ተመትተዋል። አድራሻቸውን አንድ ጊዜ ያስለወጡ እናት ደግሞ «ወ\\\/ሮ» ተብለዋል።

ያን ዕለት ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ደረሰኙን በሚያትመው ስክሪፕት ላይ ባክስላሽ (ያቺን «\» ጭረት) የሚያነሳ አንድ መስመር ጨመርኩ። ደረሰኙ ጸዳ፣ እኔም ተመሰገንኩ። በማግስቱ የስብሰባ ጥሪ የሚወጣበት ገጽ ላይ ያው ጭረት ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። እዚያም ያንኑ መስመር ጨመርኩ፤ በዚያ ገጽ ግን የባሰ ነገር ወጣ፤ እርሱን በኋላ እነግራችኋለሁ። ምልክቱ የሚታይበት ቦታና ምልክቱ የተጨመረበት ቦታ የተለያዩ እንደሆኑ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጨመረበትን ቦታ ስለማግኘት ነው።

ምሳሌዎቼ ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋና ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ የተሠሩ ናቸው፤ በአገራችን የሚገኙ ብዙ አነስተኛ ድረ ገጾች አሁንም በእነርሱ ላይ ስለሚቆሙ። የፋንክሽኖችን ስም እንደምንጠራቸው በፊደላችን እጽፋለሁ፤ ኮድ ውስጥ ሲገቡ ግን በላቲን ፊደል መጻፋቸውን አትርሱ።

በመጀመሪያ፦ ኤስኬፕ ምን ለማድረግ ተፈጠረ?

ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ (') ዳታቤዝ በሚታዘዝበት በኤስኪውኤል ቋንቋ ትእዛዝ ውስጥ የጽሑፍ መጀመሪያና መጨረሻ ማመልከቻ ናት። ታዲያ የአንድ አየርላንዳዊ ስም «ኦ'ብራየን» ቢሆን፣ ወይም «ግዕዝ» የሚለው ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንደ ልማዱ መሃሉ ላይ ጥቅስ ቢገባበት፣ ዳታቤዙ ጽሑፉ እዚያ ያለቀ ይመስለዋል። ስለዚህ ከፊቷ ባክስላሽ ይደረግና «ይቺ የጽሑፉ አካል ናት» ይባላል፤ ኤስኬፕ ማድረግ ይህ ነው። የድረ ገጽ መጻፊያው ኤችቲኤምኤልም የራሱ ስጋት አለበት፤ «<» የትእዛዝ መክፈቻ ስለሆነች በኮድ ስም ትተካለች፣ ጥቅሷም «&#039;» ትሆናለች። ጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ መልክ) ደግሞ ሌላ ልማድ አለው።

እያንዳንዱ ኤስኬፕ ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚደረግ ማሸጊያ ነው። ተቀባዩ ሲደርሰው ማሸጊያውን ፈትቶ ዕቃውን ያስቀምጣል። በዳታቤዙ ውስጥ ባክስላሽ ካገኛችሁ፣ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አሽጎ ተቀባዩ አንዱን ብቻ ፈትቷል ማለት ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉታል ይህን።

ቅጂ ያዙ

ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት የዳታቤዙን ሙሉ ቅጂ አውርዱና ከሰርቨሩ ውጪ አስቀምጡ። ይህን ያልኩት ለወግ አይደለም፤ ከታች የማሳያችሁ የጽዳት ሥራ አንዴ ከተሳሳተ ወደኋላ አይመለስም።

ዓይናችሁን አትመኑ

የዚህ ችግር ግማሹ የሚመጣው መመልከቻ መሣሪያዎቹ ራሳቸው ምልክት ስለሚጨምሩና ስለሚያነሱ ነው። ብራውዘር «&#039;» ሲያገኝ ፈትቶ ጥቅስ አድርጎ ያሳያል፤ ስለዚህ ገጹ ንጹሕ መስሎ ዳታው የቆሸሸ ሊሆን ይችላል። የገጹን ምንጭ ኮንትሮልና ዩ ተጭናችሁ ክፈቱ። ኤለመንት መመርመሪያውን ለዚህ ሥራ አትጠቀሙበት፤ እርሱ የሚያሳየው ብራውዘሩ ተርጉሞ የጨረሰውን እንጂ ከሰርቨር የመጣውን አይደለም።

በተቃራኒው በኩል የሌለ ምልክት የሚያሳዩ መሣሪያዎችም አሉ። ዳታውን በጄሰን መልክ አትማችሁ ካያችሁት ጄሰን የራሱን ባክስላሽ ይጨምራል፤ ያያችሁት የጄሰንን ማሸጊያ ነው። የዳታቤዝ ቅጂ ፋይል ስትከፍቱ «\'» ብታዩ አትደንግጡ፤ ፋይሉ የኤስኪውኤል ትእዛዝ ስለሆነ እንደዚያ መሆን አለበት። ከሁሉም የሚያሳስተው የማይኤስኪውኤል የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም ነው፤ ውጤቱን ወደ ፋይል ስትልኩት አንዷን ባክስላሽ ሁለት አድርጎ ይጽፋታል። «ሮው» የሚባለውን አማራጭ ካልሰጣችሁት በስተቀር ያላችሁን ሳይሆን እጥፉን ታያላችሁ። እኔ በዚህ ምክንያት ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ።

ታዲያ ምን ይታመናል? ቁጥር። ፒኤችፒ ውስጥ ቫር ደምፕ የሚባለው ፋንክሽን ጽሑፉን ከነርዝመቱ ያትማል፤ ርዝመቱም በባይት ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደላት ኮድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ እንደ እዝባር (/) እና ጥቅስ ያለ ምልክት ደግሞ 1 ባይት። «ወ/ሮ» ማለት 3 ሲደመር 1 ሲደመር 3፣ ማለትም 7 ባይት ነው። ቫር ደምፕ 7 ካለ ዳታው ንጹሕ ነው፤ ጭረቷን የጨመረው ከዚህ በኋላ ያለ ኮድ ነው። 8 ካለ ጭረቷ እዚሁ ድረስ አብራ መጥታለች። «ኦ'ብራየን» 5 ፊደልና አንድ ጥቅስ፣ 16 ባይት ነው፤ 17 ካያችሁ ባክስላሽ፣ 21 ካያችሁ «&#039;» ተተክቶበታል ማለት ነው። 20 ከሆነም ዜሮዋ የቀረችበት «&#39;» ነው፤ ይቺ ትንሽ ልዩነት የትኛው ፋንክሽን እንደጻፈው ስለምትናገር በማስታወሻችሁ ያዟት።

ይህን ቫር ደምፕ የምታስቀምጡት መረጃው ከዳታቤዝ በተነበበበት መስመር ቀጥሎ፣ ከሌላ ማንኛውም ፋንክሽን በፊት ነው። ሁለተኛ አንድ ገጹ ከመታተሙ በፊት አስቀምጡ። በሁለቱ መካከል ቁጥሩ ከተቀየረ ጥፋተኛው በመካከላቸው አለ፤ ርቀቱን በግማሽ በግማሽ እየከፈላችሁ ስትሄዱ መስመሩ ላይ ትደርሳላችሁ።

ዳታቤዙን ራሱን ጠይቁት

ስክሪፕቱን ወደ ጎን ትታችሁ ዳታቤዙን በቀጥታ ጠይቁት። ማይኤስኪውኤል ለዚህ ሁለት ፋንክሽኖች አሉት፤ ሌንግዝ ባይት ይቆጥራል፣ ቻር ሌንግዝ ፊደል ይቆጥራል። በአንድ ጥያቄ ሁለቱንም አስቆጥሩ። ንጹሕ «ወ/ሮ» 7 እና 3 ይሰጣል። 8 እና 4 ከሰጠ ባክስላሽ ተቀምጧል።

ሁለቱም ቁጥሮች 7 ቢሆኑስ? ያ ሌላ በሽታ ነው፤ የዩቲኤፍ-8 ባይቶች ላቲን1 በሚባል፣ የግዕዝን ፊደል በማያውቅ ኮድ በተሠራ አምድ ውስጥ ገብተዋል። ማይኤስኪውኤል ከስሪት 8.0 በፊት ሳይነገረው የሚመርጠው ላቲን1ን ስለነበረ በቆዩ የአማርኛ ድረ ገጾች ላይ የተለመደ ነው። ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ደግሞ ጽሑፉ በመንገድ ጠፍቷል፤ ከቅጂ ካልሆነ አይመለስም። ሁለቱም የኤስኬፕ ጉዳይ ስላልሆኑ እዚህ አልገባባቸውም፤ ብቻ ከባክስላሹ ጋር አትቀላቅሏቸው።

ባክስላሽ ያለባቸውን ረድፎች ለመፈለግ ላይክ የሚለውን ቃል ለመጠቀም ከሞከራችሁ አንዷን ለማግኘት አራት ባክስላሽ መጻፍ ይኖርባችኋል፤ ሁለቱን የጽሑፉ ሕግ፣ አንዷን የላይክ ሕግ ይበላቸዋል። ራስ ምታት ነው። ይልቅ ባክስላሽ በአስኪ ቁጥሯ 92 ስለሆነች ቻር 92 ብላችሁ በኢንስተር ፈልጉ። ነጠላ ጥቅስ 39፣ «&» ደግሞ 38 ናት። «&#39;» ውስጥ ያለችው 39 ከየት እንደመጣች አሁን ግልጽ ነው።

ባክስላሾቹንም ቁጠሩ። ይህ ብዙዎች የሚያልፉት ፍንጭ ነው። ኤስኬፕ የሚያደርገው ኮድ ራሷን ባክስላሿንም ኤስኬፕ ያደርጋታል፤ ስለዚህ አንዷ በሚቀጥለው ማስቀመጥ ሦስት፣ ቀጥሎ ሰባት፣ ከዚያ ዐሥራ አምስት ትሆናለች። በዕድሩ መዝገብ ሦስት ጭረት የነበራቸው እናት ሁለት ጊዜ ተቀምጠዋል፤ አንዴ ሲመዘገቡ፣ አንዴ አድራሻ ሲያስለውጡ። ቁጥሩ ከአርትዖት ታሪክ ጋር ከገጠመ ጥፋቱ በማስቀመጫው ኮድ ነው። በ«&» በኩል ግን እድገቱ በእኩል እርምጃ ነው፤ በየዙሩ «ኤኤምፒ» የሚለው ቅጥያ አንድ አንድ ይጨምራል፣ በእርግጥ በላቲን ፊደል።

ዳታቤዙ ንጹሕ ከሆነ

እንግዲያው ምልክቱ የሚጨመረው ሲነበብ ወይም ሲወጣ ነው። ይህ ቀላሉ መንገድ ነው፤ የተበላሸ ዳታ የለም፣ አንድ መስመር ታስተካክላላችሁ።

ሰርቨሩ በጣም ያረጀ ከሆነ በመጀመሪያ ማጂክ ኮትስን ተጠራጠሩ። ፒኤችፒ በቀድሞ ዘመኑ ጀማሪዎችን ለመጠበቅ ብሎ ከቅጽ የሚመጣውን ሁሉ በራሱ ኤስኬፕ ያደርግ ነበር። ከዚያም ብሶ «ማጂክ ኮትስ ራንታይም» የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው፤ እርሱ ከዳታቤዝና ከፋይል የሚነበበውን ጭምር ያጭረው ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው 5.3 «ይቅር» (ወደፊት ይነሳሉና አትጠቀሙባቸው) ተባሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው 5.4 ጨርሰው ተነሱ። ዛሬ ልታገኟቸው የምትችሉት ማንም ደፍሮ በማይነካው አሮጌ ሰርቨር ላይ ብቻ ነው። ትሩፋታቸው ግን አሁንም አለ፤ «ማጂክ ኮትስ በርቷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ፋንክሽን በ8.0 ስለተሰረዘ፣ የድሮ ኮድ ወደ አዲስ ሰርቨር ሲዛወር እዚያ መስመር ላይ ቆሞ ይቀራል።

ችግሩ ስሪት ከተቀየረ ወዲህ የጀመረና ነጠላ ጥቅሶች ብቻ «&#039;» ሆነው የሚታዩ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። ኤችቲኤምኤል ስፔሻል ቻርስ የሚባለው ፋንክሽን እስከ 8.0 ድረስ ካልተነገረው በቀር ነጠላ ጥቅስን አይነካም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2021 ከወጣው 8.1 ጀምሮ ግን ይነካል። ለውጡ ትክክል ነው። እኔ ልል የምችለው፣ ይህ ያሳበደው ኮድ ቀድሞውንም ሁለት ጊዜ ኤስኬፕ ያደርግ ነበር፤ ጥቅሷ ሾልካ ታልፍ ስለነበረ ብቻ አልታየም።

ሁለት ጊዜ የሚደረገው ብዙውን ጊዜ በአብነት ሞተር (ዳታውን በተዘጋጀ የገጽ ቅርጽ ውስጥ እየሞላ በሚያትመው ፕሮግራም) ምክንያት ነው። የላራቬሉ ብሌድ፣ ትዊግና የፓይተኑ ጃንጎ የሚታተመውን በራሳቸው ኤስኬፕ ያደርጋሉ። በእጃችሁ አንድ ጊዜ አድርጋችሁ ለእነርሱ ስታቀብሉ ሁለት ይሆናል። የእጃችሁን አንሱ እንጂ የሞተሩን አታጥፉ፤ ሞተሩን «ጥሬውን አውጣ» ብላችሁ ካዘዛችሁት አንድ ቀን ማንም ሰው በስም ቦታ ስክሪፕት ጽፎ ያስገባላችኋል። የጃቫስክሪፕት በኩልም ተመሳሳይ ነው፤ ቴክስት ኮንቴንት የተሰጠውን እንዳለ ስለሚያሳይ፣ ሰርቨሩ ለኤችቲኤምኤል ያሸገውን ዳታ ከሰጣችሁት ማሸጊያውን ለአንባቢ ያነብለታል።

ለእኛ ብቻ የሚጠቅም አንድ ምልክት ልንገራችሁ። የአማርኛው ጽሑፍ ደህና ሆኖ «» የተባሉት የእኛ ትእምርተ ጥቅሶች ብቻ በ«&» የሚጀምር የላቲን ቃል ከሆኑ፣ አንድ ሰው በኤችቲኤምኤል ስፔሻል ቻርስ ፈንታ ኤችቲኤምኤል ኢንቲቲስን ተጠቅሟል፣ ከላዩም ሌላ ኤስኬፕ ተጨምሮበታል። ያ ፋንክሽን ስም ያለውን ምልክት ሁሉ በስሙ ይተካል፤ የግዕዝ ፊደላት በኤችቲኤምኤል ስም ስላልወጣላቸው ያልፋቸዋል፣ «» ግን ስም አላቸው። በስፔሻል ቻርስ ተኩት።

የመጨረሻው ጄሰን ኢንኮድ ነው፤ የኛም የዕድር ጣጣ ዘመድ። ፒኤችፒ ሳይነገረው እዝባርን በባክስላሽ ያስቀድማል፣ የግዕዙን ፊደል ደግሞ ባክስላሽ፣ የላቲኗን ዩ እና አራት አሃዝ አድርጎ ይጽፋል፤ «ሰ» በዩኒኮድ ቁጥሯ 1230 ስለሆነች «\ዩ1230» ትሆናለች። የፓይተኑ ጄሰን ፊደሉን እንዲሁ ያደርጋል፣ እዝባሩን ግን አይነካም። ይህ ሁሉ ሕጋዊ ጄሰን ነው፤ ተቀባዩ በጄሰን ዲኮድ ከፈታው አንዳች አይጎድልም። ጭረቱ የሚታየው ሳይፈታ ሲታተም ነው። ለዓይን ግልጽ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ከ5.4 ጀምሮ ያሉትን «አንኤስኬፕድ ዩኒኮድ» እና «አንኤስኬፕድ ስላሽስ» የተባሉ ሁለት ምርጫዎች ስጡት። ሁለተኛውን ግን ጄሰኑ በኤችቲኤምኤል ገጽ ስክሪፕት ውስጥ በቀጥታ የሚታተም ከሆነ ተዉት፤ እዝባሯ የታጨረችው የስክሪፕት መዝጊያ ምልክት በዳታው ውስጥ ቢገኝ ገጹ እንዳይቆረጥ ነው።

ዳታቤዙ ራሱ ከቆሸሸ

ምንጩ መግቢያው ላይ ነው። ስክሪፕቱ ላይ ኤስኬፕ የሚያደርጉ ቃላትን ሁሉ ፈልጉ፦ አድስላሽስ፣ ሪል ኤስኬፕ ስትሪንግ፣ ኤችቲኤምኤል ስፔሻል ቻርስ፣ ፊልተር ሳኒታይዝ ስትሪንግ። የመጨረሻው «ያጸዳል» ተብሎ ታምኖ ጥቅሱን «&#39;» አድርጎ የሚያስቀምጥ ነው፤ ዜሮዋ የቀረችው በእርሱ ነው። እርሱም በ8.1 «ይቅር» ተብሏል።

ደንቡ አጭር ነው። ወደ ዳታቤዝ የሚገባው በተዘጋጀ ጥያቄ (በፒዲኦ ወይም በማይኤስኪውኤልአይ) ከሆነ ሌላ ምንም ኤስኬፕ አይደረግበትም። ዳታው ከትእዛዙ ተለይቶ ስለሚሄድ የሚፈታው የለም፤ የጨመራችሁት ባክስላሽ እንደ ተራ ፊደል ይቀመጣል። ከድሮው የማይኤስኪውኤል ቅጥያ (በ7.0 የተሰረዘው) ወደ ፒዲኦ ስታዛውሩ ሪል ኤስኬፕ ስትሪንግን ረስታችሁ መተው የተለመደ ስህተት ነው። የኤችቲኤምኤል ኤስኬፕም በመግቢያ በር ላይ ቦታ የለውም፤ ስሙ ነገ በስልክ መልእክት ወይም በተመን ሉህ ይወጣ ይሆናል፣ እዚያ ደግሞ የሚፈታው ብራውዘር የለም።

ዋርድፕሬስ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። ፒኤችፒ ማጂክ ኮትስን ሲተው ዋርድፕሬስ ለድሮ ተቀጥላዎች ሲል በራሱ እያስመሰለ ቀጠለበት፤ ከቅጽ የሚመጣው እስከ ዛሬ ባክስላሽ ተጨምሮበት ይደርሳችኋል። የዋርድፕሬሱን አንስላሽ ፋንክሽን ተጠቀሙ። እንዳትቸኩሉ ደግሞ፣ ጽሑፍ የሚያስገባው የራሱ ፋንክሽን ባክስላሽ ያለበትን ይጠብቃል፣ የዳታቤዝ ዕቃው ግን የሌለበትን። ለማን እንደምታቀብሉ እያያችሁ ፍቱ።

አሁን ወደ አማርኛው ልዩ ችግር። ዳታቤዙን ከፍታችሁ «ሰላም» በሚለው ቦታ «&#4656;&#4619;&#4637;» ካገኛችሁ፣ ይህን የጻፈው የእናንተ ኮድ ላይሆን ይችላል። ብራውዘሩ ነው። ገጹ ላቲን1 ነኝ ብሎ ሲያውጅና ሰው በቅጹ ላይ አማርኛ ሲጽፍ፣ ብራውዘሩ ፊደሉን በዚያ ኮድ መላክ ስለማይችል በቁጥሩ ተክቶ ይልከዋል። የሚያስከፋው፣ ይህ ለዓመታት የሚሠራ ይመስላል። ገጹ ሳይነካው ሲያትመው ብራውዘሩ መልሶ ይፈታዋል፤ ሁሉም ደስተኛ ነው። አንድ ቀን ጠንቃቃ ሰው መጥቶ ኤችቲኤምኤል ስፔሻል ቻርስ ሲጨምር «&» ሁሉ ይታሸግና ገጹ በቁጥር ይሞላል። ጠንቃቃው ይወቀሳል። ጥፋቱ ግን ከእርሱ በፊት የነበረ ነው፤ ፍለጋው «ሰላም» ተብሎ ሲጠየቅ አንድም ውጤት የማይሰጠው፣ 50 ፊደል የሚይዝ አምድ ስምንት ፊደል ያለውን ስም ቆርጦ የሚያስቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። አንዱ ፊደል 7 ቦታ ስለሚይዝ ስምንቱ 56 ይሆናሉ።

መፍትሔው ገጹን፣ የግንኙነቱን ኮድና አምዱን ሦስቱንም ዩቲኤፍ-8 ማድረግ ነው። በማይኤስኪውኤል «ዩቲኤፍ8» የሚለውን ሳይሆን «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» የሚለውን ምረጡ። የፊተኛው ለአንድ ፊደል ከ3 ባይት በላይ አይፈቅድም። «ግዕዝ ከ3 ባይት አያልፍም» የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14 የተጨመሩት የጉራጊኛ ፊደላት ግን 4 ባይት ናቸው።

ጽዳት፦ መግቢያው ከተዘጋ በኋላ ብቻ

የማስቀመጫው ኮድ ሳይስተካከል ዳታውን ማጽዳት ቀዳዳ ባለው እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። መጀመሪያ ኮዱ፣ ከዚያ ዳታው።

አሁን የቀረውን የዕድሩን ታሪክ ልንገራችሁ። ስሞቹን ወደ ዳታቤዝ ከማስገባቴ በፊት «ለደኅንነት» ብዬ ጄሰን ኢንኮድ አድርጌ፣ ዳርና ዳሩን ጥቅስ ገፍፌ ነበር። መመዝገቢያው ላይ «አንኤስኬፕድ ዩኒኮድ» ሰጥቼዋለሁ፤ ስለዚህ እዝባሩ ብቻ ታጭሯል። የስብሰባ ጥሪውን በሚያስቀምጠው ስክሪፕት ላይ ግን ረስቼዋለሁ። እዚያ ገጽ ላይ ባክስላሽ የሚያነሳውን ፋንክሽን ስትሪፕስላሽስን ስጨምር «\ዩ1230» የነበረው «ዩ1230» ሆነ። ጥሪው ከላይ እስከ ታች የላቲን ዩና ቁጥር ሆኖ ታተመ። ጸሐፊው «ይህ ደግሞ የባንክ ሒሳብ ነው?» አሉኝ።

እዚያ የተማርኩት፣ በምን እንደታሰረ ሳታውቁ አትፍቱ። በጄሰን የታሰረው ዳርና ዳሩን ጥቅስ መልሳችሁ በጄሰን ዲኮድ ይፈታል። በአድስላሽስ የታሰረው በስትሪፕስላሽስ ይፈታል፤ አንድ ዙር ሰባቱን ወደ ሦስት፣ ሦስቱን ወደ አንድ፣ አንዷን ወደ ዜሮ ያወርዳል። በ«&#» የታሰረው በኤችቲኤምኤል ኢንቲቲ ዲኮድ ይፈታል፤ ከ8.1 በታች ባለ ስሪት ነጠላ ጥቅስንም እንዲፈታ በግልጽ ንገሩት።

ዳታቤዙ ላይ ባክስላሽን በሙሉ በባዶ የሚተካ አንድ መስመር ትእዛዝ መስጠት ያጓጓል። አታድርጉት። የዊንዶውስ ፋይል አድራሻ የያዘ አምድ ቢኖር ተበላሸ። ይልቅ ከጎን አዲስ አምድ ክፈቱ፣ ስክሪፕት ጽፋችሁ ረድፍ በረድፍ አንብቡ፣ ባክስላሽ ከጥቅስ ወይም ከሌላ ባክስላሽ (በጄሰን ከታሰረ ከእዝባር ወይም ከላቲኗ ዩ ጭምር) ፊት ያለችባቸውን ብቻ ፍቱና ውጤቱን በአዲሱ አምድ ጻፉ። ከዚያ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አትማችሁ በዓይን ተመልከቱ። ለዕድሩ 340 ያህል ረድፍ ስለነበረ ጸሐፊውና እኔ ቡና እየጠጣን አነበብነው፤ በእውነቱ ከየትኛውም ኮድ ይልቅ የእርሳቸው ዓይን ብዙ ያዘ።

ሁለት ዓይነት አምዶችን ግን በዚህ መንገድ አትንኩ። አንደኛው ሆን ተብሎ ጄሰን የተቀመጠበት ነው፤ ባክስላሾቹ በሚገባቸው ቦታ ናቸው። ሁለተኛው በፒኤችፒ ሲሪያላይዝ የተቀመጠ ነው፤ የዋርድፕሬስ ቅንብሮች እንዲህ ናቸው። እያንዳንዱ ጽሑፍ ከፊቱ የባይት ርዝመቱ ተጽፎበታል፤ 8 ተብሎ የተጻፈውን ወደ 7 ባይት ካሳጠራችሁት ፒኤችፒ ጠቅላላውን ማንበብ እምቢ ይላል። ፈትታችሁ፣ አስተካክላችሁ፣ እንደገና ሲሪያላይዝ አድርጉ።

ፈተና

ሲያልቅ ይህን መስመር በቅጹ አስገቡ፦

ወ/ሮ ሰላም ' " \ & < «በ»

21 ፊደል፣ 35 ባይት ነው፤ መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ እንዳይከተለው። አስቀምጡት፣ ለአርትዖት ክፈቱት፣ ምንም ሳትነኩ እንደገና አስቀምጡት፤ ሦስት ጊዜ። በየዙሩ ዳታቤዙን በቻር ሌንግዝ ጠይቁት። 24 ካለ አድስላሽስ የሚመስል ነገር አሁንም ሁለቱን ጥቅሶችና ባክስላሿን እያጨረ ነው። 38 ካለ ኤችቲኤምኤል ስፔሻል ቻርስ በመግቢያው በር ቆሟል፤ በሚቀጥለው ዙር 54 ከሆነ ደግሞ ገጹ ላይ አንዴ፣ ማስቀመጫው ላይ ከሚገባው በላይ እየተደረገ ነው። 57 ካለ ስድስቱ ፊደላት በቁጥር ተተክተዋል፤ ገጹ አሁንም ላቲን1 ነኝ ይላል።

ከዚያ ይህንኑ ረድፍ በደረሰኝ፣ በዝርዝር ገጹ፣ በጄሰን መልሱና ወደ ተመን ሉህ በሚወጣበት በኩል ሁሉ አውጡት። በዕድሩ መዝገብ ከሦስተኛው ዙር በኋላ ቁጥሩ 21 ላይ ቆመ፣ ደረሰኙም ደህና ሆነ። የተመን ሉሁ ግን «<» በነበረበት ቦታ ሌላ ነገር አወጣ፤ እዚያም ረስቼው የነበረ አንድ ኤስኬፕ ነበረ።